አልፍሬድ ኖቤልና ተኖ የሚጠፋው ካምፎር

የመጽሔታችን አዘጋጆች በሙያችን ታሪክ ስማቸው ከገነነ ሰዎች የአንዱን ሕይወት እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ አልፍሬድ ኖቤልን መምረጤ ለአንዳንድ ባልደረቦች የታወቀውን መድገም መስሎ ሊታያቸው ይችላል። ሰውየው ድማሚትን ሠርቶ እንደ ከበረ፣ ሲሞትም ሀብቱን ለሽልማት እንደ ተናዘዘ የማያውቅ ተማሪ የለም። የሰላም ሽልማቱ በ2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከመጣ ወዲህ ደግሞ ስሙ በየቤቱ ተነሥቷል። እኔ ላነሣ የፈለግሁት ግን ብዙ ጊዜ ታልፎ የሚሄደውን ክፍል ነው። ኖቤል ዕድሜውን የፈጀው አዲስ ፈንጂ በመፍጠር አይደለም፤ ናይትሮግሊሰሪንንም ሆነ የጥጥ ባሩድን የፈጠሩት ሌሎች ናቸው። የእርሱ ድካም ሌሎች የፈጠሩትን ቁጡ ነገር የሚያለዝብ፣ የሚሸፍንና የሚያረጋጋ አጋር መፈለግ ነበር። ያንን አጋር አብዛኛውን ጊዜ ያገኘው ከዕፅዋት ወገን ነው፤ ከእንጨት፣ ከጥጥ፣ በመጨረሻም ከካምፎር ዛፍ። ይህ የመጨረሻው አጋር ግን አብሮት አልቆየም፤ ታሪኩም ለእኛ ለሙያው ሰዎች ከድማሚቱ ይልቅ የሚጠቅመን በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። ከወሎ ሰፈር ወደ ጎተራ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በካዛንቺስም በኩል፣ አንዱ ሕንፃ ሳያልቅ ሌላው ይጀመራል። ለመሠረቱ የሚቆፈረውን ጥቁር ድንጋይ በከተማ መካከል በማሽን መዶሻ ይፈልጡታል፤ ድምፁን የሰፈሩ ሰው ለምዶታል። ለኮንክሪቱ የሚሆነው ጠጠርና ለሲሚንቶው የሚሆነው የኖራ ድንጋይ ግን ከከተማ ውጭ፣ ከካባ ይመጣል። ካባ ባለበት ፈንጂ አለ፤ ፈንጂ ባለበትም መጋዘን አለ። የመጋዘኑ ዘበኛ ሌሊቱን በሰላም የሚያድረው በቁልፉ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን በሣጥኑ ውስጥ ያለው ነገር በራሱ ጊዜ ስለማይበላሽ ነው፤ እንዳይበላሽ የሚያደርገው ምን እንደ ሆነ ጠንቅቆ ማወቅ የእኛ ፈንታ ነው። ከዚህ በታች የሚመጡት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልፍሬድ ኖቤል ኦክቶበር 21 ቀን 1833 በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ተወለደ። አባቱ ኢማኑኤል ኖቤል እጁ ብልኅ፣ ሒሳቡ ግን ልል የሆነ ፈልሳፊ ነበር። ልጁ በተወለደበት ዓመት ከሰረ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ወደ ፊንላንድ፣ ከዚያም በዘመኑ የሩሲያ መዲና ወደ ነበረችው ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተሻገረ። ቤተ ሰቡ በ1842 ተከተለው። ኢማኑኤል በዚያ ለሩሲያ ጦር የባሕር ፈንጂ እየሠራ በክሪሚያ ጦርነት ዘመን ከበረ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ትእዛዙ ተቋርጦበት ዳግመኛ ከሰረና ወደ ስዊድን ተመለሰ። ልጆቹ ግን በደጉ ዘመን በቤት ውስጥ በመምህራን ተኮትኩተው ነበር። አልፍሬድ ገና በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከስዊድንኛ ሌላ ሩሲያኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛና ጀርመንኛ ያውቅ ነበር፤ ግጥምም ይወድ ነበር። አባትየው ለልጁ ያሰበው ግን ኬሚስትሪን ነበርና ወደ ፓሪስና ወደ አሜሪካ ሰደደው።

ከመምህራኑ አንዱ ዚኒን የተባለው የሩሲያ ኬሚስት ነበር። ይህ ሰው አንድ ጠብታ ናይትሮግሊሰሪን በብረት መቀጥቀጫ ላይ አድርጎ በመዶሻ እየመታ ለኖቤሎች እንዳሳያቸው ይተረካል። ናይትሮግሊሰሪንን በ1847 በጣሊያን በቱሪኖ ከተማ ያገኘው አስካኒዮ ሶብሬሮ ነው። ሶብሬሮ የሠራው ነገር ስላስፈራው ለሥራ ይውላል ብሎ አልተነሣም፤ በዚህ ፍርሃቱ የሚነቅፉት አሉ፤ እኔ ግን አልነቅፈውም። ፈሳሹ ሁለት ዓይነት ክፋት አለበት። አንደኛው ቁጣው ነው፤ ምት፣ መናወጥ ወይም ሙቀት ሲያገኘው ድንገት ይፈነዳል። ሁለተኛው መበስበሱ ነው፤ በውስጡ የቀረ ጥቂት አሲድ ካለ ማንም ሳይነካው ቀስ በቀስ ይፈርሳል፣ ሲፈርስ ሌላ አሲድ ይወልዳል፣ የተወለደውም አሲድ መፍረሱን ያፋጥነዋል፤ በዚህም ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል። የመጀመሪያው ክፋት የተሸካሚውና የጫኚው ጠላት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የመጋዘኑ። አንባቢ እነዚህን ሁለቱን ለይቶ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ የኖቤል ሕይወት ከመጀመሪያው ጋር ተጋጥሞ ያሸነፈበት፣ ከሁለተኛው ጋር ግን እስከ መጨረሻው የታገለበት ነውና።

በ1863 ኖቤል ናይትሮግሊሰሪንን በእሳት ሳይሆን በሌላ ትንሽ ፍንዳታ ማስነሣት እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ ዴቶኔተር የምንለው ነገር ከዚህ ተወለደ፤ በእኔ አስተያየት ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ነገር ግን ፈሳሹ ገና አልለዘበም ነበር። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1864 በስቶክሆልም ሄሌኔቦርግ በተባለው ሰፈር የነበረው የቤተ ሰቡ መሥሪያ ቤት ፈነዳ። ከሞቱት መካከል የአልፍሬድ ታናሽ ወንድም ኤሚል ነበረ፤ ዕድሜው ሃያ ዓመት ብቻ ነበር። አባትየው ብዙም ሳይቆይ በደም ግፊት ወድቆ ሽባ ሆነ፤ ልጁ በሞተ ልክ በስምንት ዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ በ1872 ዐረፈ። የከተማው ሹማምንት በከተማ ክልል ውስጥ ይህ ሥራ እንዳይሠራ ከለከሉ። አልፍሬድ ሥራውን አልተወም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ በሜላረን ሐይቅ ላይ በታሰረ ጀልባ ውስጥ ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የሠራውን ስመለከት፣ ፈንጂውን ከማበርታት ይልቅ ማለዘብን እንዳስቀደመ እገነዘባለሁ፤ የወንድሙ ሞት ምን ያህል እንደ ነዳው ግን የራሱ ምስጢር ነው።

ዓለምም ፋታ አልሰጠውም። በ1866 ኤፕሪል ወር ናይትሮግሊሰሪን የጫነች አንዲት መርከብ በፓናማ ወደብ ፈነዳች፤ በዚያው ወር በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በአንድ የጭነት መሥሪያ ቤት ግቢ የተከማቸ ሣጥን ፈንድቶ ሰው ፈጀ። በሐምቡርግ አጠገብ በክሩመል የነበረው የራሱ ፋብሪካም በዚያው ዓመት ወደመ። አንዳንድ መንግሥታት ፈሳሹ በአገራቸው እንዳይጓጓዝ ሕግ አወጡ። ኖቤል በመጀመሪያ የያዘው ዘዴ ፈሳሹን በእንጨት አልኮል፣ ይኸውም ከእንጨት ተነጥሮ በሚገኘው ሜታኖል፣ ማሟሟት ነበር። የሟሟው ፈሳሽ ምት አያስቆጣውም፤ ሥራ ቦታ ሲደርስ ውኃ ሲጨመርበት ናይትሮግሊሰሪኑ ይለያል። አሳቡ መልካም ነበር። ሆኖም ሜታኖል በቀላሉ ይተናል፤ የዕቃው ክዳን ጥቂት ከላላ ጠባቂው ሳያውቅ ይሄድና ቁጡው ፈሳሽ ብቻውን ይቀራል። ጠባቂውን ትቶ የሚሄድ አረጋጊ ማለት ይህ ነው። ኖቤል ይህን በ1866 አይቶ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ወደዚያው ጉድጓድ እንዴት እንደ ተመለሰ ወደ ፊት እናያለን።

ከዚያ በኋላ ፈሳሹን የሚመጥ ጠጣር ነገር ፈለገ። ከሰል ሞከረ፣ ሰጋቱራ ሞከረ፣ የሸክላ ዱቄትና ሲሚንቶም ሞከረ። በመጨረሻ በሰሜን ጀርመን በብዛት የሚገኘውን ኪዝልጉር የተባለ ነጭ፣ ቀላልና ቀዳዳማ አፈር አገኘ። ይህ አፈር ዲያቶም ከሚባሉ፣ በዓይን ከማይታዩ የውኃ አልጌዎች ቅርፊት የተከማቸ ነው። በእኛም አገር በስምጥ ሸለቆ፣ በአዳሚ ቱሉ አካባቢ፣ የጥንት ሐይቆች ትተውት የሄዱት ዲያቶማይት አለ። ሦስት እጅ ናይትሮግሊሰሪን በአንድ እጅ ኪዝልጉር ሲመጠጥ የሚታሽ ሊጥ ይሆናል፤ በወረቀት ተጠቅልሎ ይጓጓዛል፣ ቢወድቅም በቀላሉ አይቆጣም። የ1867ቱ ድማሚት ይህ ነው። አንድ ማሰሮ አንጠባጥቦ በማሸጊያው አፈር ላይ ፈሰሰና ነገሩ በአጋጣሚ ተገኘ የሚለውን ተረት ኖቤል ራሱ አልተቀበለውም፤ በሙከራ ብዛት የተገኘ ነው።

ድማሚት ጉድለት ነበረበት። ሩቡ አፈር ስለ ሆነ ኃይሉ ይቀንሳል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ማላቡ ነው፤ ውኃ ሲያገኘው አፈሩ ውኃውን መርጦ ናይትሮግሊሰሪኑን ያስወጣዋል፤ ያ ላብ በሣጥኑ ሥር ተጠራቅሞ የቀድሞው ቁጡ ፈሳሽ ይሆናል። ሌሎች ሰዎች በአፈሩ ፋንታ የእንጨት ዱቄት ከናይትሬት ጋር አድርገው ኃይሉን አሻሻሉ፤ አፈሩ የማይነድ ሸክም ሲሆን እንጨቱ ራሱ ይነዳልና። ይህ ዓይነቱ ድማሚት በተለይ በአሜሪካ ብዙ ዘመን አገልግሏል። የማላቡ ነገር ግን በመምጠጥ ብቻ የሚፈታ አልነበረም።

እዚህ ላይ የጥጥን ታሪክ ማንሣት ግድ ነው። በ1846 ሾንባይን የተባለው የባዝል መምህር ጥጥን በአሲዶች ነክሮ የሚፈነዳ ጥጥ ሠራ። ጥጡ እንደ ድሮው ጥጥ ነጭ ነው፤ ሲለኩሱት ግን ጭስ ሳይተው ብን ይላል። የአውሮፓ መንግሥታት ተሻሙበት፤ በማግሥቱ ዓመት በእንግሊዝ ፌቨርሻም የነበረው ፋብሪካ ፈንድቶ ሠራተኞቹን ስለ ፈጀ ደግሞ ሸሹት። ምክንያቱን ፍሬደሪክ አቤል የተባለው እንግሊዛዊ ኬሚስት በ1865 አስረዳ። የጥጥ ክር ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ በውስጡ የሚቀረው አሲድ በቀላል አጠባ አይወጣም፤ ጥጡን እንደ ወረቀት ሊጥ ፈጭቶ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል። አቤል ሌላም ነገር አበርክቷል። ፈንጂውን በመጠኑ አሙቆ የሚወጣውን ጋዝ በስታርችና በፖታሲየም አዮዳይድ በተነከረ ወረቀት መመርመር የእርሱ ዘዴ ነው፤ ወረቀቱ ቶሎ ቀለም ከለወጠ ዕቃው መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። ስሙን ያዙልኝ፤ በኋላ በሌላ መልክ ይመጣልና።

በ1875 ኖቤል በፓሪስ ሳለ ጣቱን ቆሰለና የዘመኑ ሐኪሞች ቁስል የሚሸፍኑበትን ኮሎዲዮን ቀባው። ኮሎዲዮን በመጠኑ ብቻ አሲድ የጠጣ ጥጥ በኤተርና በአልኮል ተሟሙቶ የሚገኝ ነው፤ ሲደርቅ እንደ ቀጭን ቆዳ ይሆናል። ሕመሙ እንቅልፍ ቢነሣው በሌሊት ወደ ቤተ ሙከራው ወርዶ ይህንኑ ጥጥ ከናይትሮግሊሰሪን ጋር ቢያገናኘው የተገኘው ነገር ወፍራም ሙጫ የመሰለ ጄላቲን ሆነ። ታሪኩ ያማረ ስለ ሆነ ተጠራጥሬው ነበር፤ ነገር ግን ሌሊቱ አንድ ቢሆንም ከዚያ በኋላ ረዳቱ ፌሬንባኽና እርሱ ብዙ ወራት በሙከራ እንደ ቆዩ ስመለከት ተረቱ ሥራውን እንደማያሳንሰው ተረዳሁ። በዚህ ጄላቲን ውስጥ ከመቶ ሰባትና ስምንት እጅ የሚሆን ጥጥ ፈሳሹን ሁሉ ይዞ ያስቀረዋል። አያልብም፣ ውኃ አይበግረውም፣ ከድማሚትም ይበረታል፤ ለምት ግን ከድማሚት ይልቅ የዘገየ ነው። አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር የሚያህለው የስዊስ አገሩ የሳን ጎታርድ የባቡር ዋሻ በ1882 ለመጓጓዣ ሲከፈት በዚህ ዓይነት ፈንጂ ኃይል ጭምር ነበር። ሁለት አደገኞች ተቀላቅለው እርስ በርስ የተጠባበቁበት እንዲህ ያለ ሥራ በሙያችን ብዙ የለም።

የግል ሕይወቱን በአጭሩ ላሳልፍ። አላገባም፣ ልጅም አልነበረውም። ከአገር አገር ይዞር ነበር፤ በሽተኛና ብቸኛ ነበር። በ1876 ለጥቂት ቀናት ጸሐፊው የነበረችውና በኋላ በርታ ፎን ሱትነር ተብላ በሰላም ጸሐፊነቷ የታወቀችው ሴት እስከ ሞቱ ድረስ ደብዳቤ ትጽፍለት ነበር፤ የሰላሙ ሽልማት አሳብ ከእርስዋ ጋር ካደረገው ልውውጥ ጋር እንደሚያያዝ ብዙዎች ያምናሉ።

አሁን ወደ ካምፎሩ እንምጣ። በ1884 ቪየይ የተባለው ፈረንሳዊ ጭስ የሌለው የጠመንጃ ባሩድ ሠራ፤ የፈረንሳይም መንግሥት ወዲያው ያዘው። ጥቁር ባሩድ ተኳሹን በጭስ ስለሚጋርደውና ቦታውን ስለሚያጋልጠው የአዲሱ ባሩድ ዋጋ ታላቅ ነበር። ኖቤል ደግሞ ከሌላ በር ገባ። በዚያ ዘመን ከጥጥና ከካምፎር ሴሉሎይድ የተባለ ፕላስቲክ እየተሠራ ማበጠሪያና የቢሊያርድ ኳስ ይወጣው ነበር። ሴሉሎይድ ከጥጥ ባሩድ ቤተ ሰብ ሆኖ ሳለ ለምን አይፈነዳም? የጥጡን ጠባይ የሚያረግበው ካምፎሩ ነው። ኖቤል ይህን ወስዶ ኮሎዲዮን ጥጥና ናይትሮግሊሰሪን በእኩል አድርጎ፣ ከመቶ አሥር እጅ ካምፎር ጨምሮ፣ በ1887 ባሊስቲት የተባለውን ባሩድ አወጣ።

ካምፎር በጃፓን፣ በደቡብ ቻይናና በፎርሞሳ ደሴት ከሚበቅል ታላቅ ዛፍ የሚገኝ ነው። እንጨቱ ተፈልጦ በእንፋሎት ሲቀቀል ነጭ፣ ሽታው የሚወጋ ፍሬ ይወጣል። እኛም በመታሻ ቅባት ውስጥ እናውቀዋለን፤ ሙስሊሙ ወገናችንም ካፉር ብሎ ሬሳ በሚታጠብበት ውኃ ይጨምረዋል። በባሩዱ ውስጥ ሥራው ሦስት ነበር። ጥጡንና ፈሳሹን አዋሕዶ እንዲታሽ ያደርጋል፤ እሳቱን ያዘገያል፤ መበስበስ ሲጀምር የሚወለዱትንም አሲዶች ይይዛል። እንግዲህ ኖቤል በአንድ የዛፍ ውጤት ሁለቱንም ክፋቶች፣ ቁጣውንም መበስበሱንም፣ ለማሰር አሰበ ማለት ነው።

ኖቤል በዚያን ጊዜ የሚኖረው በፓሪስ ነበርና ባሩዱን በመጀመሪያ ለፈረንሳይ አቀረበ። ፈረንሳይ የቪየይ ባሩድ አላት፤ አልፈለገችም። ጣሊያን ግን ፈለገች። ኦገስት 1 ቀን 1889 የጣሊያን መንግሥት 300 ቶን ባሊስቲት ለመግዛት ውል ገባ፤ ባሩዱም በቱሪኖ አጠገብ በአቪልያና በኖቤል ፋብሪካ እንዲሠራ ሆነ። ይህን ቀን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ቆም ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ያችው ጣሊያን ከሦስት ወር በፊት ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በወሎ ምድር፣ በአምባሰል ውጫሌ፣ ከአፄ ምኒልክ ጋር የታወቀውን ውል ተዋውላ ነበር። የወሎን ስም በሚጠራው ሰፈራችን ስናልፍ በአንድ ዓመት የተፈረሙት እነዚህ ሁለት ውሎች ቢታሰቡን አያስገርምም፤ አንዱ ለዛቻው፣ አንዱ ለመሣሪያው። የጣሊያን ጦር ጥቁሩን ባሩድ በባሊስቲት መለወጥ ጀመረ፤ በ1891 የወጣው አዲሱ የካርካኖ ጠመንጃም በመጀመሪያ የተሠራው ለዚሁ ባሩድ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ብዙው የጣሊያን ወታደር የያዘው ግን ቀድሞ የነበረውን ቬተርሊ ነው። የእኛዎቹ በአብዛኛው ግራና ሬሚንግተን ይዘው ነበር። የዚያን ቀን ውጤት ባሩድ እንዳልወሰነው አንባቢ ያውቃል።

ለኖቤል ግን የጣሊያኑ ውል መዘዝ አመጣበት። የፈረንሳይ ጋዜጦች የቪየይን ምስጢር ሰርቆ ለባላንጣ ሸጠ ብለው ከሰሱት፤ መንግሥትም ቤተ ሙከራውን ዘግቶ ሥራውን ከለከለው። ከአሥራ ሰባት ዓመት በላይ የኖረበትን ፓሪስን ትቶ በ1891 በጣሊያን ባሕር ዳር ወደምትገኘው ወደ ሳን ሬሞ ሄደ።

በእንግሊዝ የደረሰበት ደግሞ ከዚህ የመረረ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በ1888 ጭስ አልባ ባሩድ የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ፤ ከአባላቱ መካከል ያ አቤልና የቀዝቃዛ ጋዞች ተመራማሪው ጄምስ ዴዋር ነበሩ። ኖቤል ምስጢሩን ሳይሸሽግ ናሙናና ማብራሪያ ላከላቸው። ኮሚቴው ካምፎሩን ነቀፈ፤ ነቀፋውም እውነት ነበር። ካምፎር በጠጣርነቱ ሳለ እንኳ ይተናል፤ በቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ፍሬ እያደር የሚመነምነው በዚህ ነው። ሙቀት ባለበት አገር፣ በመርከብ ጎተራ፣ በበረሃ ምሽግ ሲሆን ይብሳል። ካምፎሩ በሄደ መጠን ባሩዱ የሚነድበት ፍጥነት ይለወጣል፤ ስለዚህ ጥይቱ ትናንት የመታውን ዛሬ አይመታም። ከዚህም በላይ አሲዱን የሚይዘው ጠባቂ በመሄዱ መጋዘኑ ለሁለተኛው ክፋት ይጋለጣል።

አቤልና ዴዋር በ1889 ኮርዳይት የተባለውን ባሩድ በራሳቸው ስም አስመዘገቡ። እነርሱም ናይትሮግሊሰሪንና የጥጥ ባሩድ ነበር የቀላቀሉት፤ ነገር ግን በካምፎሩ ቦታ ቫዝሊን አገቡ፣ ጥጡንም ይበልጥ አሲድ የጠጣውንና በቀላሉ የማይሟሟውን ዓይነት መርጠው በአሴቶን አሟሙ። የሚያስደንቀው፣ ቫዝሊኑ መጀመሪያ የተጨመረው የጠመንጃውን አፈሙዝ ያለሰልሳል ተብሎ ነበር፤ ዋና ጥቅሙ ግን ባሩዱን ማረጋጋቱ ሆኖ ተገኘ፤ በቀላሉም አይተንም። አሴቶኑ በበኩሉ በዚያ ዘመን ከእንጨት ይነጠር ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንጨቱ ሲያጥር እንግሊዞች ከበቆሎ ያወጡት ጀመር።

ኖቤል ከሰሰ። ክርክሩ የተንጠለጠለው በራሱ የፓተንት ጽሑፍ ውስጥ ጥጡ የሚሟሟው የታወቀው ዓይነት ነው ብሎ ባሰፈረው ሐረግ ላይ ነበር። ከሳሾቹ ሁለቱ ዓይነት ጥጥ በእውነት ልዩነት የለውም አሉ፤ ተከሳሾቹ ፓተንቱ በቃሉ ይታሰራል አሉ። ፍርድ ቤቶቹ በቃሉ ጸኑ፤ በ1895 የሎርዶች ምክር ቤት የመጨረሻውን ፍርድ ሰጠና ኖቤል ተረታ። ለኪሳራውም ወደ 28,000 ፓውንድ ከፈለ። ከይግባኝ ዳኞቹ አንዱ ለመጀመሪያው ፈልሳፊ ማዘኑን ሳይሸሽግ ነበር የፈረደበት። በፍርዱ ላይ ብዙ ተጽፏል፤ ኖቤልም በቁጣ ስለ ፓተንት የሚያፌዝ ቴአትር ጀምሮ ሳይጨርሰው ቀርቷል። እኔ የማየው ግን ይህን ነው። የሕጉ ክርክር በጥጡ ስም ይካሄድ እንጂ ለተቃዋሚዎቹ በሩን የከፈተላቸው የካምፎሩ መትነን ነበር። ባሊስቲት የሚቆይ አረጋጊ ይዞ ቢወጣ ኖሮ ኮሚቴው ሌላ ነገር ለመሥራት ያን ያህል ምክንያት ባልነበረው።

አረጋጊው ሲሄድ ምን እንደሚከተል ከኖቤል ሞት በኋላ ፈረንሳይ በራስዋ ባሩድ አየችው። የቪየይን ባሩድ ለማረጋጋት ኤሚል አልኮል ይጨመርበት ነበር፤ ይህም በዚያ ዘመን ከእርሾ የተገኘ የዕፅዋት ውጤት ሲሆን እንደ ካምፎሩ ይተናል። ማርች 12 ቀን 1907 ኢየና የተባለችው የጦር መርከብ በቱሎን ወደብ እያለች ፈነዳች፤ ሴፕቴምበር 25 ቀን 1911 በዚያው ወደብ ሊበርቴ ተከተለች። በሁለቱ አደጋዎች በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ፤ ለሁለቱም የተጠረጠረው በጎተራው ውስጥ ያረጀው ባሩድ መበስበስ ነው። ከዚያ በኋላ ዳይፌኒላሚን የተባለው፣ የማይተንና የናይትሮጅንን ኦክሳይዶች የሚይዝ ንጥረ ነገር በሰፊው ገባ። ዕድሜ ያለው ባሩድ የሚመረመረውም ከዚህ ንጥረ ነገር ምን ያህል እንደ ቀረ በመለካት ነው።

ኖቤል የመጨረሻ ዓመታቱን በሳን ሬሞና በስዊድን መካከል አሳለፈ። በ1894 በስዊድን የቦፎርስን የብረት ፋብሪካ ገዝቶ በአጠገቡ በብዮርክቦርን ቤተ ሙከራ ሠራ። ሰው ሠራሽ ሐር፣ ሰው ሠራሽ ጎማ፣ ሰው ሠራሽ ቆዳ ሁሉንም ከዚያው ከጥጡ ለማውጣት ይሞክር ነበር። ልቡ በታመመ ጊዜ ሐኪሞቹ ያዘዙለት መድኃኒት ናይትሮግሊሰሪን ነበር፤ ነገሩን ራሱ በደብዳቤው እየገረመው ጽፎታል። ከወጣቱ ረዳቱ ከራግናር ሶልማን ጋር ሆኖም ደረጃ በደረጃ የሚነድ ባሩድ ይመረምር ነበር፤ ይኸውም ፍሬው ላይ ላዩ ዘግይቶ፣ ውስጡ ፈጥኖ እንዲነድ ማድረግ ነው። ዲሴምበር 10 ቀን 1896፣ ከዓድዋ ድል በዘጠነኛው ወር፣ በሳን ሬሞ ሞተ። ከሦስት መቶ ሃምሳ የሚበልጡ ፓተንቶችና ወደ 31 ሚሊዮን የስዊድን ክሮነር ትቶ ነበር። ኑዛዜውን እንዲያስፈጽም የተመረጠው ሶልማን ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ከሙከራ ጠርሙሶቹ ተለይቶ ከዘመድና ከጠበቃ ጋር ዓመታት ተሟገተ፤ ሽልማቶቹም በ1901 ተጀመሩ።

ካምፎሩ ከባሊስቲት ውስጥ ወጥቶ ቦታውን ለሌሎች አረጋጊዎች ለቀቀ። ነገር ግን ከባሩድ ቤት ጨርሶ አልተባረረም። ባሩድ ሠሪዎች የጥጡን ባሩድ በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ከካምፎር ሟሟ ጋር እያንከባለሉ ፍሬውን ላይ ላዩን ማልበስ ጀመሩ፤ ልባሱ የመጀመሪያውን እሳት አዘግይቶ የጠመንጃውን ግፊት ያስተካክላል። በዚህ ሥራ ካምፎር እንዲያረጋጋ አልተጠየቀም፤ እሳቱን እንዲያዘገይ ብቻ ነው፤ መበስበሱን የሚጠብቀው ሌላው ነው። የፎርሞሳ ዛፍ ውድ ሲሆን ደግሞ ከጥድ ዛፍ በሚገኘው ተርፔንታይን ካምፎር መሥራት ተቻለ።

ዛሬም የፈንጂ ቅንጣትን በዕፅዋት ውጤት ማልበስ እንደ ገና የምርምር ርእስ ሆኗል። ከካርናውባ ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ሰም የቁጡ ፈንጂዎችን ቅንጣት ሸፍኖ ምትንና ሰበቃን እንደሚያበርድ የታወቀ ነው፤ ከእንጨት የሚገኘው ሊግኒንና ከልጥ የሚገኘው ታኒን፣ ከሴሉሎስ የሚሠሩት ማጣበቂያዎችም በየቤተ ሙከራው እየተፈተሹ ነው። ከሚወጡት ሪፖርቶች አንዱን ያገኘ ባልደረባ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ልባሱ ምን ያህል መዶሻ እንደሚያስችለው ያነባል። እኔ በበኩሌ ቀድሜ የምገልጠው ናሙናው በሙቀት ሣጥን ውስጥ ስንት ሳምንት እንደ ቆየ፣ ሲወጣም ከልባሱ ምን ያህል በላዩ ላይ እንደ ቀረ የተመዘገበበትን ሠንጠረዥ ነው።